«ኮችነትሽ ለማን ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

ዕድሜዬ 36 ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አንድ ባንክ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ከቴለርነት ጀምሬ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ነበር፤ አሁን ዋናው መሥሪያ ቤት ሥልጠና ክፍል ነኝ። የአሥር ዓመት ልጅ አለኝ። ከአባቱ ጋር ከተፋታን ሦስት ዓመት ሆነን። የምንኖረው ከእናቴ ጋር ነው።

ባለፈው ዓመት ማታ ማታ በኦንላይን የኮቺንግ ሥልጠና ወስጄ ጨረስኩ፤ ሰው በጥያቄ ታግዞ መልሱን ራሱ እንዲያገኝ የመደገፍ ሥራ ነው። ለልምምድ ብዬ 11 ሰዎችን በነፃ ይዤ እስካሁን 42 ሰዓት ሠርቻለሁ። ሌላ ሥራ ያደክመኛል፤ ይሄ ግን አያደክመኝም።

ችግሬ ዘርፍ መምረጥ ነው። አሠልጣኛችን «ኒሽ (ልዩ ዘርፍ) ሳትይዙ ገበያ እንዳትወጡ» ይለናል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እያለ ይተርትብናል። እኔ ሦስት ዛፍ ፊት ቆሜአለሁ። አንደኛው ትዳርና ፍቅር ነው። ጓደኞቼ በሙሉ «ሰው የሚከፍለው ለትዳሩ ነው፤ ቲክቶክ ብትከፍቺ በአንድ ወር ትታወቂያለሽ» ይሉኛል። ሁለተኛው ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ናቸው፤ አንጀቴን ይበሉታል።

ሦስተኛው አዲስ የተሾሙ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች። ከ11ዱ አንዷ ከልቤ አትወጣም። 29 ዓመቷ ነው። ያደገችበት ቅርንጫፍ ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆና ተሾመች። እዚያው ሥራ ያስተማሯት አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምትላቸው። ጠዋት ይዘገያሉ። ካዝናው የሚከፈተው በሁለት ሰው ቁልፍ ነው፤ አንዱ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቃል። እሷ ግን አፍ አውጥታ አትናገራቸውም። «እንዴት አድርጌ ነው ጋሼን ዘገዩ የምላቸው?» ብላ አለቀሰች። የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አየሁት። አራት ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካፌ ተገናኘን። በመጨረሻው ቀን የምትላቸውን ነገር ሶፍት ላይ ጻፈች፤ ሰረዘች፤ እንደገና ጻፈች። የመጨረሻውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ግን ይሄንን ብቻ ልያዝ ስል ገበያው ጠበበብኝ። ሌላው በር ሁሉ የሚዘጋብኝ ይመስለኛል። ትዳሩን ልያዝ ስል ደግሞ የራሴ ፈርሶ ምን አፍ ኖሮኝ ነው? እናቴ «ወሬ ተሽጦ ልጅ ያድጋል?» ትለኛለች። የስምንት ወር ቁጠባ አለኝ። ሥራዬን ለቅቄ ልግባበት? የቱን ልያዝ? ባለፈው ሳምንት የድሮ አለቃዬን አገኘኋት። «ኮችነትሽ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለሁሉም ሰው» አልኳት። «ጥሩ ነው» ብላ ወሬ ቀየረች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኤም. ነኝ፣ ከሰንጋ ተራ

*

እህቴ ኤም.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ስለ ትዳርና ፍቅር የጻፍሽው ሁሉ ጓደኞችሽ ያሉት ነው። ወጣቶቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሻቸዋል። ጋሼን መናገር ያቃታት ልጅ ጋ ስትደርሺ ግን እጅሽ ተፍታታ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሶፍቱን ሳይቀር አስታወስሽ። ብዕርሽ ካንቺ ቀድሞ የመረጠ መሰለኝ። ልሳሳት እችላለሁ። ቅጂው እጅሽ ላይ ካለ አንድ ጊዜ አንብቢውና ራስሽ እይው።

እንቅልፍ ስለነሳሽ ነገር ልጀምር። የድሮ አለቃሽ ወሬ የቀየረችው ንቃሽ አይመስለኝም። ምናልባት በልቧ አንድ ሰው ይዛ ነበር። «ለሁሉም ሰው» ስትያት ያንን ሰው አንቺ ጋ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። በእኛ ከተማ ሥራ እንዴት እንደሚገኝ ታውቂዋለሽ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ማኪያቶ እስኪመጣ ያወራል። አንዷ ችግሯን ስትናገር ሌላዋ «ውይ፣ አንድ የማውቃት ልጅ አለች፣ ላገናኝሽ» ትላለች። «ምን ትሠራለች?» ስትባል በአንድ ትንፋሽ መመለስ አለባት። ለእኔ ልዩ ዘርፍ ማለት ይቺ መልስ ናት፤ አንቺ በሌለሽበት ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ስላንቺ የሚናገራት ዓረፍተ ነገር።

በር ይዘጋብኛል ያልሽውን ሳነብ ፒያሳ የነበሩ አንድ ቆዳ ሠራተኛ ትዝ አሉኝ። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ ሁሉንም ይሠራሉ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በዚፕ ነው። ሌላው «ሙሉውን ዚፕ ልቀይረው» የሚለውን እሳቸው መጎተቻውን በፒንሳ ጫን ጫን፣ ጥርሱን በሻማ አሸት አሸት ያደርጉና ይመልሱልሻል። እኔም ለዚፕ ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ የልጆቼን ጫማ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። በ2016 ያ ሰፈር በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ እሳቸውም ተነሡ። ሰው ሁሉ «የዚፑ ሰውዬ የት ገቡ?» እያለ ሲጠያየቅ ከረመ። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ አገኘናቸው። ጫማ ሰፊ በየመንገዱ አለ፤ «ጫማ ሰፊው» ቢባሉ ኖሮ ማን ይፈልጋቸው ነበር? በዚፕ መታወቃቸው ደግሞ ጫማ እንዳይሰፉ አልከለከላቸውም።

ገበያው ጠበበብኝ ባልሽው ላይ አልስማማም። በአገራችን ከ30 በላይ ባንኮች አሉ። የቅርንጫፎቻቸው ቁጥር 10 ሺህን ካለፈ ቆይቷል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ሥራ አስኪያጅ ተቀምጧል፤ እሱ ሲዛወር ወይም ሲያድግ ሌላ አዲስ ይሾማል። ታኅሣሥ 2017 ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን አዋጅ አጽድቋል፤ ፉክክሩ ሲበረታ ያ ወንበር ይበልጥ እየሞቀ ነው የሚሄደው። አንቺ ደግሞ 10 ሺህ ሰው አያስፈልግሽም። በአንድ ጊዜ ስምንት ሰው ከያዝሽ፣ ማታና ቅዳሜሽ ሞልቶ ይፈስሳል።

ደግሞስ የዚያች ልጅ ነገር የባንክ ነገር ብቻ ነው? ትናንት ያስተማሯትን ሰው ዛሬ ማዘዝ ነው የከበዳት። ይሉኝታ ነው። እሳቸውን መናገር ለእሷ አባቷን መናገር ነው። ዝም ካለች ደግሞ ደንበኛው ደጅ ላይ ይቆማል፤ ሌሎቹ ቴለሮችም «ለጋሼ ሲሆን ዝም፣ ለእኛ ሲሆን ቁጣ» ማለት ይጀምራሉ። አክብሮቷን ሳትጥል ሥራውን እንዴት ትመራለች? እኛ አገር አንድ ወጣት አለቃ የሚፈተንበት ቦታ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የውጭ የአመራር መጽሐፍ ላይ ጋሼ የሉም። አንቺ ግን ታውቂያቸዋለሽ። አንድ ጊዜ በዚህ ከታወቅሽ፣ አዲስ የተሾመች የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ወይም ማትረን (የነርሶች ኃላፊ) የሆነች ነርስ ስልክሽን ጠይቃ ትመጣለች። ማንም ባንክ አልሠራሽም ብሎ አይመልሳትም።

አሁን ስለ ትዳሩ። የተፋታ ሰው ስለ ትዳር ማንንም ሊረዳ አይችልም የሚል እምነት የለኝም። ወድቆ የተነሳ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ግን ልጠይቅሽ። አንዲት ሴት ፊትሽ ተቀምጣ «ስልኩን ደፍቶ ነው የሚያስቀምጠው» ብትልሽ፣ የምትሰሚው የእሷን ቤት ነው ወይስ የራስሽን? ሦስት ዓመት ለአንዱ ብዙ ነው፣ ለሌላው ትናንት ነው። ያንቺን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሌላም ልጨምር። ቲክቶኩን፣ መታወቁን፣ ጓደኞችሽን ብናወጣቸው ይህን ሥራ ትፈልጊዋለሽ? ብዙ ሰው ኮችን ከአነቃቂ ንግግር አቅራቢ ጋር ያምታታዋል። መድረክ ላይ መናገርና ሰው ፊትሽ ሆኖ ሲያስብ በዝምታ መጠበቅ ግን ለየቅል ናቸው። አንቺ ደብዳቤሽ ላይ የናፈቅሽው ሁለተኛውን ነው።

በትዳር ዙሪያ ደግሞ ዱላ ይመጣል፣ ሱስ ይመጣል፣ ድባቴ ይመጣል። እነዚህ የኮች ሥራ አይደሉም፤ ወደ ባለሙያ መላክ አለባቸው። የትኛውንም ዘርፍ ብትይዢ የምትልኪበትን ቦታ ከወዲሁ እወቂ። ለአእምሮ ጤና አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴት ከመጣችብሽ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሥራ አስኪያጅም እኮ ሰው ነው፣ ይታመማል። እንቅልፍ ካጣች ወር ያለፋት ልጅ «ሥራ ነው የበዛብኝ» ብትልሽም ሐኪም እንድታይ ንገሪያት።

ወጣቶቹን አትተያቸው። እንጀራሽ ግን ከእነሱ አይገኝም፤ ሥራ የሌለው ልጅ ከየት አምጥቶ ይከፍልሻል? በወር አንድ ቅዳሜ አምስት ስድስቱን ሰብስበሽ ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ሻይ እየጠጣችሁ ተወያዩ። ያንጀትሽን ያደርስልሻል።

ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ እላለሁ። ስምንት ወር ረጅም ይመስላል፤ የቤት ወጪና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲነካው ግን አራት ወር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «የኔ ዘርፍ ነው» እያልሽ መቀበል ትጀምሪያለሽ፤ ያኔ የሚመርጥልሽ ችግር ነው። ደግሞ የሠራተኛ ብድር ካለብሽ ስትለቂ ወለዱ ምን እንደሚሆን ውሉን አውጥተሽ አንብቢ። ከመደበኛ ሥራ ውጪ ስለ መሥራት የቅጥር ውልሽ የሚለውንም አብረሽ እይ።

ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ የምስክር ወረቀት ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠና እና 100 ሰዓት የተግባር ሥራ ይጠይቃል። ከ100ው ሰዓት ቢያንስ 75ቱ የተከፈለበት መሆን አለበት። ያንቺ 42 ሰዓት በሙሉ ነፃ ስለሆነ የሚቆጠርልሽ 25ቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ነፃ ሥራ በቃሽ። የቀረሽ 75 ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት ብትሠሪ ስድስት ወር እንኳ አይሞላም። እነዚያን ወራት እንደ መፈተኛ ውሰጂያቸው። ዘርፉን ለዕድሜ ልክ ሳይሆን ለ75 ሰዓት ብቻ ያዢው። እንዲህ ሲሆን አይቀልሽም?

ክፍያ ስል ምን ተሰማሽ? እውነቱን ንገሪኝ፤ «እንዴት አድርጌ ገንዘብ እላቸዋለሁ?» የሚል ነገር መጣብሽ? ከመጣብሽ እሱ ያንቺ ጋሼ ነው። እንዲህ ብትይስ፤ «የመጀመሪያዋ ውይይታችን በነፃ ናት። ከተስማማን ስድስት ጊዜ እንገናኛለን፤ ክፍያው ይሄን ያህል ነው።» ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ሲከብድሽ «ካልተመቸሽ እንቀንሳለን» ብለሽ ራስሽ አትሙዪው። እሷ ታስብበት። መስታወት ፊት ቆመሽ ዋጋውን ሁለት ሦስቴ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው። ሞኝነት ይመስላል፤ ይሠራል።

አንድ ነገር በጣም አሳስቦኛል። ያቺ ልጅ ያንቺው ባንክ ሠራተኛ ናት? አልጻፍሽውም። ከሆነች ልብ ብለሽ አስቢበት። አንቺ ሥልጠና ክፍል ነሽ። ነገ ለሌላ ዕድገት ስሟ ሲነሳ እዚያ ክፍል ውስጥ ልትኖሪ ትችያለሽ፤ ማልቀሷ ደግሞ ጆሮሽ ላይ አለ። አንቺ ባትናገሪ እንኳ እሷ ትሰጋለች። ባንኩ ውስጥ እስካለሽ ድረስ ከሌላ ባንክ የሚመጡትን ብቻ ብትይዢ ሁለታችሁም በሰላም ታድራላችሁ። ወደፊት አንድ ባንክ ራሱ ከፍሎ «ሥራ አስኪያጆቼን ያዢልኝ» ቢልሽም ነገሩ ያው ነው። ከፋዩ ሌላ፣ የምትሰሚው ሰው ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ፣ ወደ አለቃ የሚሄደውንና የማይሄደውን በጽሑፍ አድርጉት። ስንት ጊዜ እንደተገናኛችሁ ይሂድ። የተወራው ካንቺ አይውጣ።

ሥራውን ማወቅሽ ሀብት ነው፤ ወጥመድም ነው። ሰው ወደ ትልቅ ሰው ሲሄድ «እንዲህ አድርጊ» መባል ለምዷል። ሽማግሌውም፣ የንስሐ አባቱም ይመክሩታል። አንቺም 12 ዓመት ስለሠራሽ መልሱ ምላስሽ ላይ ይመጣል። ያቺ ልጅ ሶፍቱ ላይ ስትጽፍ አንቺ ብትጽፊላት ኖሮ ቦርሳዋ ውስጥ የምትከተው ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም። የግድ መንገር ያለብሽ ነገር ሲመጣ ለይተሽ ንገሪ፤ «አሁን እንደ ኮች አይደለም፣ እንደ ቀድሞ ሥራ አስኪያጅ አንድ ነገር ልበልሽ» በያት። ከዚያ ወደ ጥያቄሽ ተመለሽ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብታደርጊ ደስ ይለኛል። አንደኛው፣ አንድ ማታ ልጅሽ ሲተኛ ደብተር አውጪና የ11ዱንም ሰዎች ስም ጻፊ። በእያንዳንዱ ስም ጎን ያ ሰው መጀመሪያ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር በራሱ አፍ አስፍሪው። ከዚያ ከእሱ ተለይተሽ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጪ ምን እንደተሰማሽ ጻፊ። ቀሎሽ ነበር? ደክሞሽ ነበር? እስከ ቤትሽ ስታስቢው ነበር? እኔ ያላየኋቸው አሥር ሰዎች አሉ። የእኔ ግምት በአንዷ ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ ደብተሩ ሌላ ነገር ካሳየሽ እሱን እመኚ።

ሁለተኛው፣ ለድሮ አለቃሽ ደውዪላት። «ያን ቀን ጥያቄሽን በደንብ አልመለስኩልሽም» በያት። ከዚያ ዓረፍተ ነገርሽን ንገሪያት። እኔ ብሆን «አዲስ ሥራ አስኪያጆች የትናንት ባልደረቦቻቸውን መምራት ሲከብዳቸው እኔ ጋ ይመጣሉ» እል ነበር። ያንቺ ግን በራስሽ አፍ ይምጣ። የሚጠቅምሽ ነገር ከሳምንት በኋላ ነው የሚታወቀው። ሌላ ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቃት ምን እንዳለች ስሚ። በራሷ ቃል መልሳ መናገር ከቻለች ዓረፍተ ነገሩ ተሠርቷል። ከተምታታባት አሳጥሪው።

እናትሽን አትከራከሪያቸው። አንቺን የባንክ ሠራተኛ ለማድረግ የከፈሉትን ዋጋ እሳቸው ያውቁታል፤ ልጅ ይዘሽ ከዚያ ስትወጪ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። የመጀመሪያው ክፍያ እጅሽ ሲገባ ከቶሞካ አንድ ኪሎ ቡና ግዢና ቤት ግቢ። ከምን ገንዘብ እንደተገዛ ሲጠይቁሽ ንገሪያቸው።

መልሰሽ ጻፊልኝ። ደብተሩ ምን እንዳለሽ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ ያቺ ልጅስ? ጋሼን አናገረቻቸው ወይስ ሶፍቱ እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው?